አውሮፕላኑ ሲወጣ የሚወርደው መርፌ

ከለንደን ሒዝሮው የተነሣ አብራሪ 6,000 ጫማ ሲደርስ የከፍታ መለኪያውን ቁጥር ይለውጣል። 6,000 ጫማ 1,829 ሜትር ነው። ወልድያ የተቀመጠችው 2,112 ሜትር ላይ ነው። እንግዲህ ወልድያ ገበያ ውስጥ ሽንኩርት የምትመርጥ እናት፣ የለንደኑ አብራሪ ምድርን ተሰናብቶ መለኪያውን ከሚለውጥበት ቦታ 280 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ቆማለች ማለት ነው። ጀርመኖች በ5,000 ጫማ ይለውጣሉ፤ ያንን ከወልድያ ዝቅ ብላ ወደምትገኘው መርሳ ከተማ ብናመጣው ከመሬት በታች፣ ከማንጎው ሥር ይውላል። የአምስተርዳሙ 3,000 ጫማ ነው። እሱን ለማግኘት ከሀብሩ ቁልቁል ወደ አፋር መውረድ ይኖርብናል።

ይህን ያነሣሁት ለፉክክር አይደለም። ጉዳዩ ከሩቅ ሲያዩት የአንዲት ቁልፍ ጉዳይ ነው። አብራሪው ሽቅብ እየወጣ ሳለ በታወቀ ከፍታ ላይ እጁን ይሰድድና የከፍታ መለኪያውን፣ የአልቲሜትሩን፣ ቁልፍ ይነካል፤ «ስታንዳርድ» ይላል። ጎኑ የተቀመጠው ባልደረባው ያንኑ ያደርጋል። አለቀ። ተሳፋሪው ገና ቀበቶውን አልፈታም፤ ሻዩም አልመጣለትም። እኔ ግን ሰው በእጁና በአእምሮው አሳምሮ ከሠራቸው ነገሮች መካከል ይህችን ቅጽበት ከፊተኞቹ እመድባታለሁ። ውበቷ የሚታየው ግን መሣሪያው ከተገለጠ በኋላ ነው።

አልቲሜትር ከፍታ አያውቅም። የሚያውቀው የአየርን ጫና ብቻ ነው። ከላያችን ያለው አየር ይጫነናል፤ ከፍ ባልን ቁጥር በላያችን የሚቀረው አየር ያንሳል፤ ጫናውም ይቀልላል። መርሳ ላይ፣ በ1,600 ሜትር ገደማ፣ የአብራሪዎች ሠንጠረዥ መጽሐፍ የሚሰጠው ግፊት 835 ሄክቶፓስካል አካባቢ ነው። በአስፋልቱ ሽቅብ ወልድያ ሲደርሱ ወደ 785 ይወርዳል። በመርሳ ውኃ 95 ዲግሪ ሳይሞላ ይፈላል፤ በወልድያ 93 ላይ። ባቄላ የምትቀቅል ሴት ይህን ልዩነት ባትሰማው እንኳ ማገዶዋ ይሰማዋል። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ኢትዮጵያን እየዞረ የቀየሰው ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ከፍታዎቻችንን ከለካባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነበር፤ ውኃ ያፈላል፣ የሚፈላበትን ሙቀት ያነብባል፣ ከዚያ ያሰላል። የእኛ ሰው ደግሞ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ እያለ በእህሉና በብርዱ ይለካል። ከጊራና ተነሥቶ ወልድያን አልፎ በድልብ በኩል ወደ ጋሸና የሚወጣ መንገደኛ፣ ማንጎውን ትቶ ገብሱን ሲያገኝ የት እንደደረሰ ይገባዋል። አብራሪን ግን ገብስ አያድነውም። እሱ የሚሻው የ20 ጫማ ልዩነት የሚያሳይ ነገር ነው፤ ይኸውም ስድስት ሜትር፣ የአንድ ፎቅ ቤት ቁመት ነው።

የዚያ ነገር ልቡ ከመዳፍ የምታንስ ክብ ካፕሱል ናት። ከስስ የመዳብ ቅይጥ ትሠራለች፤ ውስጧ ያለው አየር ተመጥጦ ይወጣና ትታሸጋለች። ፊቷ ልሙጥ አይደለም። እንደ ሰፌድ ዙር ከመሃል እስከ ዳር በክብ በክብ የተደረደሩ ሸንተረሮች አሏት፤ ለጌጥ ግን አይደሉም። ልሙጥ ብረት ሲጫኑት ባልተጠበቀ ቦታ ይሰረጉዳል፤ ሲለቁትም ድንገት ጧ ብሎ ይመለሳል። የተሸነተረው ግን ጫናውን ለሁሉም ዙር አከፋፍሎ፣ በልክ ይገባል፣ በልክ ይወጣል። ውጭ ያለው አየር ሲከብድ ካፕሱሏ ትጠብባለች፤ ሲቀልል ታብጣለች። አውሮፕላኑ ከባሕር ወለል ተነሥቶ ጄቶች የሚበሩበት ከፍታ እስኪደርስ የምትንቀሳቀሰው በጠቅላላው ጥቂት ሚሊሜትር ነው። አየር በሌላት ሳጥን ግፊትን የሚለካ መሣሪያ የፈረንሳዊው ሉሲያን ቪዲ ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ያወጣው።

ያቺን ጥቂት ሚሊሜትር በደርዘኖች የሚቆጠር የመርፌ ዙር ማድረግ ነው የእጅ ጥበቡ። ካፕሱሏ ዘንግ ትገፋለች፤ ዘንጉ ጥርስ ያለው ቅስት ያዞራል፤ ቅስቱ ትንሽ ጥርስ፣ ትንሹም ሌላ። በየጥርሱ መካከል የምትቀር ክፍተት ካለች መርፌው ላይ ስትደርስ መቶ ጫማ ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ ፀጉር የመሰለች ጥምዝምዝ ሞላ ጥርሶቹን ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ገፍታ ትይዛቸዋለች። ብረት በሙቀት ይለጠጣል፤ ስለዚህ ከሁለት ዓይነት ብረት የተጣበቀች ስስ ልሳን በሌላ አቅጣጫ ትታጠፍና ስሕተቱን ትበላዋለች። ዘንጎቹ እንደ ጥሩ የእጅ ሰዓት በከበረ ድንጋይ ላይ ይዞራሉ።

የሰዓቱ ነገር በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ፖል ኮልስማን የሚባል ጀርመን ተወላጅ ወደ አሜሪካ ተሰድዶ በመሣሪያ ፋብሪካ ሲሠራ፣ የዘመኑ አልቲሜትሮች በመቶዎች ጫማ የሚሳሳቱት በካፕሱሉ ብቻ ሳይሆን በጥርሱም ሸካራነት እንደሆነ ተረዳ። እ.ኤ.አ. በ1928 በ500 ዶላር የራሱን ድርጅት ከፈተ፤ ጥርሶቹንም የስዊዝ ሰዓት ሠሪ በሚያወጣው ጥራት አሠራ። በመደወያው ፊት ላይ ደግሞ ትንሽ መስኮት ቀደደ። በመስኮቷ የሚታየው ቁጥር የአየር ግፊት ነው፤ ቁልፉን ሲያዞሩት የመስኮቱ ቁጥርና መርፌዎቹ አብረው ይሄዳሉ። እስከ ዛሬ የኮልስማን መስኮት ትባላለች። የዛሬው ጽሑፍ ሁሉ ስለዚያች መስኮት ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

እዚህ ላይ አንድ የዘመን ግጥጥሞሽ ደስ ይለኛል። አዲስ አበባ የደረሰው የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ አንድሬ ማዬ ያበረረው ፖቴዝ 25፣ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። አምስት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ መስከረም 14 ቀን 1922 ዓ.ም.፣ ጂሚ ዱሊትል ኒው ዮርክ አጠገብ የመቀመጫውን ክፍል በመጋረጃ አስጋርዶ፣ ውጭ ምንም ሳያይ፣ በመሣሪያ ብቻ ተነሣ፣ በረረ፣ አረፈ። ከፊቱ ካሉት መሣሪያዎች አንዱ የኮልስማን አልቲሜትር ነበር። በእኛ አገር የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አውሮፕላን እያዩ በሚደነቁበት ክረምት፣ በዚያ ማዶ አብራሪው መሬትን ማየት እንደማያስፈልገው እየተፈተነ ነበር።

መሣሪያው ጉድለት አልነበረውም ማለት አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 1946 በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሥራ የጀመረባቸው ሲ-47 አውሮፕላኖች በፒስተን ሞተር የሚሄዱ ነበሩ። ፒስተን ሞተር ይንቀጠቀጣል፤ ንቅጥቅጡም ሳይታሰብ መርፌውን ከመጣበቅ ይጠብቀዋል። በዚያ ላይ የቆዩ አብራሪዎች መስተዋቱን በጣት ቆርቆር የማድረግ ልማድ ነበራቸው። ጄት መጣ። የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ለጄት ስለጠበበ በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ቦሌ ተሠራ፤ ቦይንግ 720ዎች ገቡ። የጄት ጉዞ ለስላሳ ነው፤ በለስላሳው ጉዞ ደግሞ የአልቲሜትር መርፌ ፍትጊያ ይዞት ቆሞ ይቀርና ድንገት ይዘልላል። መፍትሔው ያስቃል። መሐንዲሶች በሳጥኑ ውስጥ ሆን ብላ የምትነዝር ትንሽ መሣሪያ ከተቱ። ስንት ዘመን ንቅጥቅጥን ለማጥፋት ደክመው፣ ሲጠፋ ገዝተው መለሱት።

ሦስቱ መርፌዎችም ጣጣ ነበራቸው። ረጅሙ መቶዎችን፣ አጭሩ ሺዎችን፣ ሦስተኛው አሥር ሺዎችን ይናገራል። የመጨረሻውን ቸል ያለ ሰው በአሥር ሺህ ጫማ ይስታል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 24 ቀን 1958 በደቡብ እንግሊዝ የወደቀው የብሪታኒያ አውሮፕላን እንዲህ ነው የወደቀው፤ አብራሪዎቹ ገና ከአሥር ሺህ ጫማ በላይ ያሉ መስሏቸው መሬት አገኛቸው። ዛሬ ቁጥሩ በስክሪን ላይ በተንሸራታች ሰሌዳ ይነበባል፤ ካፕሱሉም በብዙዎቹ ላይ በኤሌክትሮኒክ ዳሳሽ ተተክቷል። መስኮቷ ግን በስክሪኑ ጥግ አለች።

በዚያች መስኮት ምን ቁጥር ይገባል? ከመነሣቱ በፊት አብራሪው ከመቆጣጠሪያ ማማው ኪው ኤን ኤች የሚባለውን ይቀበላል። ይህን ቁጥር ያስገባ አልቲሜትር መንደርደሪያው ላይ ቆሞ የመንደርደሪያውን ከፍታ ያነብባል፤ ቦሌ ላይ ከ7,600 ጫማ በላይ። መነሻው የዚያች ከተማ የዚያች ሰዓት አየር ነው። ተራራም በካርታ ላይ ከባሕር ወለል በላይ ተብሎ ስለሚጻፍ፣ ተራራውና መርፌው በአንድ ቋንቋ ይነጋገራሉ። ከመሬት አጠገብ ሳሉ ከዚህ የተሻለ ቁጥር የለም።

የእኛ አገር ኪው ኤን ኤች አንድ ጠባይ አለው። አዲስ አበባ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ለባሕር ወለል መደበኛ ተብሎ ከተያዘው 1013 ሄክቶፓስካል ከፍ ብሎ በ1020ዎቹ ውስጥ ይገኛል። አንዱ ምክንያት ይህ ነው፦ ሒሳቡ የሚሠራው «ስታንዳርድ» በተባለ፣ በወረቀት ላይ ብቻ ባለ አየር ነው። ያ አየር ባሕር ወለል ላይ 15 ዲግሪ ነው፤ በየሺህ ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። በዚህ ስሌት ወልድያ ክረምት ከበጋ፣ ቀን ከሌት 1 ዲግሪ ናት። መርሳ 4.6 ናት። የመርሳ ብርቱካን ይህን ቢሰማ ምን ይል ይሆን! እውነተኛው አየራችን ከወረቀቱ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ከፍታ ላይ የሚቀረው ግፊት መጽሐፉ ከሚለው ይበልጣል፤ ወደ ባሕር ወለል ተመልሶ ሲሰላም ትልቅ ቁጥር ይወጣል።

ታዲያ ቁጥሩ እንዲህ ከመሬቱ ጋር የሚስማማ ከሆነ ለምን ይለወጣል? ምክንያቱም አውሮፕላኑ አንድ ቦታ አይቆይም። ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚበር፣ ከላሊበላ የተነሣ፣ ከጅዳ ተነሥቶ ወደ ናይሮቢ የሚያልፍ፣ ሦስቱ በወሎ ሰማይ ላይ ቢገናኙ እያንዳንዱ የየራሱን ከተማ ቁጥር ይዞ ነው። ሦስቱም «20,000 ጫማ ላይ ነኝ» ሊሉ ይችላሉ፤ ሦስቱም በመቶዎች ጫማ ይለያያሉ። ስለዚህ ከአንድ መስመር በላይ ሁሉም የየከተማውን ቁጥር ጥሎ 1013.25 ያስገባል፤ በአሜሪካኖቹ መለኪያ 29.92። ይህ ቁጥር የየትኛውም ከተማ አይደለም። በአንድ ቀን በአንድ ቦታ እውነት የሚሆነው በአጋጣሚ ነው። ግን ሁሉም በእኩል ይሳሳታሉ፤ እኩል የተሳሳቱ ሰዎች ደግሞ አይጋጩም። ከዚያ በኋላ የሚነገረው ከፍታ ሳይሆን ደረጃ ነው፤ 20,000 መባሉ ይቀርና «ፍላይት ሌቭል 200» ይባላል። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 25 ቀን 2008 የአፍሪካ ሰማይ ከ29,000 እስከ 41,000 ጫማ ባለው ክልል በአውሮፕላን መካከል የሚተወውን ክፍተት ከ2,000 ወደ 1,000 ጫማ ያጠበበው በዚህ እኩል ስሕተት ላይ ተማምኖ ነው።

መስመሩ የሽግግር ከፍታ ይባላል። የት እንደሚሰመር መወሰኑ፣ በእኔ ግምት፣ ከካፕሱሉ ያላነሰ ጥበብ ነው። ዓለም አቀፉ ደንብ በተቻለ መጠን ዝቅ ይበል፣ ነገር ግን እንደ ወትሮው ከማረፊያው በላይ ከ3,000 ጫማ አይነስ ይላል። ለሆላንድ ሜዳ ይህ ቀላል ነው። አሜሪካኖች ተራራቸውን አይተው ለመላ አገራቸው 18,000 አደረጉት፤ ከዚያ በታች የሚበር ሁሉ እየተጓዘ የየአካባቢውን ቁጥር ይቀያይራል። በእኛስ?

ወልድያ ላይ በሐሳብ አንድ መንደርደሪያ እንሥራላት። ዛሬ ወልድያዎች አውሮፕላን ሲሹ ወደ ላሊበላ ወይም ወደ ኮምቦልቻ ነው የሚሄዱት። የወልድያ 2,112 ሜትር 6,930 ጫማ ያህል ነው፤ 3,000 ሲጨመርበት ወደ 10,000 ይጠጋል፤ ማለትም 3,050 ሜትር ገደማ። በወረቀት ላይ ደንቡ ሞላ። አሁን መስመሩን ይዘን ቀና እንበል። ወደ ምሥራቅ የተነሣ አውሮፕላን በሐራና በሀብሩ ቆላ ላይ ወደ አፋር ስለሚወጣ ምንም አያሰጋውም። ወደ ምዕራብ የዞረ ግን በጋሸና መንገድ ያለው ደጋ በዚያው ቁመት አካባቢ ይጠብቀዋል፤ ከዚያ ወዲያ አቡነ ዮሴፍ 4,200 ሜትር ገደማ ሆኖ ቆሟል፤ ወደ 13,800 ጫማ። በ10,000 ጫማ «ስታንዳርድ» ያለ ሰው፣ ተራራው በካርታ ላይ ከተጻፈበት ቋንቋ ወጥቶ በሌላ ቋንቋ ከተራራው ጋር ይተላለፋል። አስተዋይ ቀያሽ ስለዚህ መስመሩን ከጫፎቹ በላይ ይሰቅለዋል። የላሊበላ ማረፊያም ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ በዚሁ ተራራ አገር ነው። ቦሌም እንጦጦን ደገፍ ብሏል። የለንደንን 6,000 ቀድቶ ማምጣት ቦሌ ላይ ቀልድ ነው፤ አውሮፕላኑ ገና ከመቆሚያው ሳይንቀሳቀስ መስመሩን አልፎታል።

አሁን ወደ ቅጽበቷ እንግባ። ኪው ኤን ኤች 1025 ነው እንበል፤ አውሮፕላኑ በደቂቃ 2,000 ጫማ እየወጣ ነው። መስመሩ ላይ ሲደርስ የሚያበርረው «የሽግግር ከፍታ፣ ስታንዳርድ» ይላል። ቁልፉ በቦይንግ ይጫናል፤ በኤርባስ ይሳባል፤ በድሮው ሲ-47 በጣት በቀስታ ይዞር ነበር። መስኮቱ ከ1025 ወደ 1013 ይሄዳል። አሥራ ሁለት ሄክቶፓስካል ማለት ወደ 320 ጫማ ነው። አውሮፕላኑ ሽቅብ እየወጣ፣ ሞተሩ በሙሉ ጉልበት እየጮኸ፣ አልቲሜትሩ በአንድ ጊዜ 320 ጫማ ይወርዳል። ከአሥር ሰከንድ ያህል በኋላ አውሮፕላኑ ያንኑ ቁጥር ዳግመኛ ያገኘዋል። አንድ ጉዞ፣ አንድ አቅጣጫ፣ ሁለት ጊዜ የታለፈ አንድ ቁጥር። አብራሪው ሰውነቱ የሚነግረውንና መርፌው የሚነግረውን አስታርቆ አይደነግጥም፤ አውቆ ነው የለወጠው። በዚያው ትንፋሽ ሁለቱ አብራሪዎች የየሰሌዳቸውን ቁጥር ጮክ ብለው ያነብባሉ፤ አንዱ «150ን እያለፍን» ሲል ሌላው «ልክ» ይላል። መጠባበቂያው ሦስተኛ አልቲሜትርም ይስተካከላል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው።

የሰዓቱ ልክ ምኑ ላይ ነው? አንዳንዱ ቸኩሎ ይለውጣል። ማማው ገና «ፍላይት ሌቭል 200 ውጣ» እንዳለው፣ ከመስመሩ በታች ሳለ ቁልፉን ይጫናል። ሥራን ቶሎ ማቃለል ነው፤ በአንዳንድ አገርና ድርጅትም የተፈቀደ ልማድ ነው። ነገር ግን መቆጣጠሪያው ሐሳቡን ቀይሮ «ከዚያ በታች ቁም» ቢለውስ? የቆመው በተሳሳተ ቁጥር ስለሚሆን በእኛ ምሳሌ ከታዘዘው 320 ጫማ ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ከላዩ ካለው ጋር 1,000 ጫማ ሊሆን የሚገባው ክፍተት 680 ይሆናል። ሌላው ይዘገያል። ደመና ሲሸሽ፣ ሬዲዮ ሲመልስ መስመሩ ያልፈዋል። 1025ን እንደያዘ 20,000 ላይ ሲቆም በእውነት ያለው ሌሎቹ 200 ከሚሉት ደረጃ 320 ጫማ ዝቅ ብሎ ነው፤ ከታቹ 190 ላይ ካለው ጋር አሁንም 680 ጫማ ቀረ። ችኮላውም ዝንጋታውም የሚያስከፍሉት እኩል ነው። የዛሬ አውሮፕላኖች መስመሩ ታልፎ ቁጥሩ ካልተለወጠ ሰሌዳው ላይ ቀለም ይቀይራሉ፣ ብልጭ ድርግም ይላሉ። እኔ ግን ብልጭታው ሳይቀድመው የሚነካውን እጅ ነው የማደንቀው።

ተራራ በከበበው ማረፊያ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ፍርድ አለ። ቶሎ መለወጥ ከአየር ትራፊክ ጋር ብቻ የሚያጣላ አይደለም። ኪው ኤን ኤች ከ1013 በታች በሆነበት አገርና ቀን፣ ቀድሞ 1013 ያስገባ ሰው ሰሌዳው ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ያሳየዋል፤ ተራራውን የዘለለ ይመስለዋል። የእኛ አየር አብዛኛውን ጊዜ ስሕተቱን ወደ ደኅናው ወገን ይገፋዋል። ሞቃቱ አየርም በተጨማሪ እውነተኛውን ከፍታ ከሚነበበው ያስበልጠዋል። በዕድል የሚተማመን ባለሙያ ግን ባለሙያ አይደለም፤ ነገ በክረምት አውሮፓ ሲያርፍ ያው እጅ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ተራራ አገር ሲወጣ ትክክለኛው ፍርድ አንድ ነው፦ መስመሩ ላይ፤ ሳይቀድም፣ ሳይዘገይ፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ ጮክ ብለው።

ሲወርዱ ነገሩ ይገለበጣል፤ ብዙም አያቆየንም። ሽቅብ በሽግግር ከፍታው የሚለወጠው፣ ቁልቁል ከእሱ ከፍ ብሎ በሚገኝ የሽግግር ደረጃ ላይ ይለወጣል። ከፍታው የታተመና ቋሚ ነው፤ ደረጃውን ግን እንደየዕለቱ ግፊት መቆጣጠሪያው ይነግራል። በሁለቱ መካከል ባለው ስስ ክፍተት ውስጥ ማንም ደረጃ ይዞ አይበርም፤ ሁሉም አላፊ ነው። የሚወጣው በአንድ ቋንቋ፣ የሚወርደው በሌላ ቋንቋ ሲተላለፉ እንዳይደናገሩ ይህችን ባዶ ቦታ የተዋት ሰው ስሙ አይታወቅም። እኔ ሐውልት የሚገባው አድርጌ ነው የማየው።

አንድ ነገር ለወልድያ፣ ለመርሳና ለሀብሩ የፊዚክስ መምህራን። ከዘመኑ ስልኮች ብዙዎቹ የአየር ግፊት ዳሳሽ አላቸው፤ ከመምህራኑ አንዳችሁ ኪስ ውስጥ ሳይኖር አይቀርም። ተማሪዎቹን ይዛችሁ መርሳ ላይ ቁጥሩን አንብቡ፤ ወልድያ ወጥታችሁ ደግማችሁ አንብቡ፤ ልዩነቱን በሜትር አስሉና ካርታው ላይ ካለው ጋር አስተያዩት። 50 ሄክቶፓስካል አካባቢ ማግኘት ይኖርባችኋል። ሁለቱን ንባብ ግን በተቀራረበ ሰዓት አድርጉት፤ ምክንያቱም በእኛ ቀበቶ የአየር ግፊት በየቀኑ ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ይከብዳል፣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ገደማ ይቀልላል፤ የዚያ ልዩነት ብቻ ወደ 3 ሄክቶፓስካል ይደርሳል፤ በአልቲሜትር ላይ 80 ጫማ ነው።